በአንድሮይድ የራስን መሣሪያ ስለ መሥራት፤ ክፍትነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

አንድ ሥራ «ክፍት ነው» ሲባል ለማን ክፍት እንደ ሆነ፥ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ፥ የከፈተውም ወገን መልሶ ሊዘጋው ይችል እንደ ሆነ መጠየቅ የተመራማሪ ግዴታ ነው። ስለ አንድሮይድ በተማሪዎች መካከል የሚነገረው ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ጥያቄ ዘሎ ያልፋል። «ኮዱ ለሁሉም የተሰጠ ስለ ሆነ ቦርድ ገዝቶ፥ ኮዱን አውርዶ የራስን መሣሪያ መሥራት ይቻላል» ይባላል። ይህ አነጋገር ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ያጠረውን ተማሪ ከሐሰት ይልቅ ሊጎዳው ይችላል። ሐሰት በመጀመሪያው ቀን ይገለጣልና፤ ግማሹ እውነት ግን የሚገለጠው ሥራው ከተጋመሰ፥ ገንዘቡም ካለቀ በኋላ ነው።

በዚህ ጽሑፍ አንድሮይድን የምንመረምረው በኪስ እንደሚያዝ ስልክ ሳይሆን፥ ሌላ መሣሪያ እንዲገነባበት እንደ ቀረበ መሠረት አድርገን ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ በዚህ ክፍት ኮድ ላይ ተመሥርቶ መሣሪያ የሚሠራ ሰው የሠራው ነገር በእርግጥ የራሱ ነውን? መልስ ለመስጠት ያህል ክፍትነትን በሦስት ከፍለን እናያለን፤ ይኸውም ለማንበብ ክፍት መሆን፥ ለመለወጥ ክፍት መሆን፥ ለመዝለቅም ክፍት መሆን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው አመጣጥና የሁለቱ ፈቃዶች ልዩነት

አንድሮይድ በሚል ስም የተመሠረተው ኩባንያ በ2003 በካሊፎርኒያ፥ በፓሎ አልቶ ከተማ ተቋቋመ፤ በ2005 ጉግል ገዛው። በኖቬምበር 2007 ደግሞ 34 ድርጅቶች የተባበሩበት «ኦፕን ሃንድሴት አልያንስ» የተባለ ማኅበር መመሥረቱ ተነገረ። በኦክቶበር 2008 የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፥ ኤችቲሲ ድሪም፥ ለገበያ ሲወጣ የምንጭ ኮዱም በዚያው ወር ለሕዝብ ታተመ። ይህ የታተመው ኮድ «አንድሮይድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት» ይባላል፤ እኛም ከዚህ በታች ለአጭርነት «ክፍቱ አንድሮይድ» እንለዋለን።

እዚህ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ልዩነት ማስገንዘብ አስፈላጊ ነው። ከሱቅ በተገዛ ስልክ ውስጥ «አንድሮይድ» በሚለው በአንድ ስም ሦስት ነገሮች ተጠቃልለው ይገኛሉ። አንደኛው ክፍቱ አንድሮይድ ነው። ሁለተኛው ቺፑን የሠራው ፋብሪካ የሚሰጠው፥ ብዙውን ጊዜም የምንጭ ኮዱ የማይታይ ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው የጉግል የራሱ ዝግ አገልግሎት ነው፤ የፕሮግራም መደብሩ፥ ካርታውና የመልእክት ማድረሻው በዚህ ይመደባሉ። ስለ ክፍትነት የሚነገረው ምስጋና ሁሉ የሚገባው ለመጀመሪያው ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመሰገኑ ይሰማል።

ክፍቱ አንድሮይድ ራሱም በአንድ ዓይነት ፈቃድ የተሰጠ አይደለም። ከታች ያለው የሊኑክስ ከርነል በጂፒኤል ሁለተኛ ቅጂ ይተዳደራል። ይህ ፈቃድ ኮዱን ለውጦ መሣሪያ የሚሸጥ ሁሉ የለወጠውን ኮድ ለገዢው እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ከከርነሉ በላይ ያለው አብዛኛው ክፍል ግን በአፓቺ ሁለተኛ ቅጂ ፈቃድ የወጣ ነው። አፓቺ ኮዱን ወስዶ፥ ለውጦ፥ ለውጡንም ሸሽጎ መሸጥን ይፈቅዳል። እንግዲህ አንደኛው ፈቃድ «የተቀበልኸውን አካፍል» ሲል ሁለተኛው «እንደ ወደድህ አድርግ» ይላል። የቺፕና የስልክ ፋብሪካዎች በአንድሮይድ ዙሪያ በቶሎ የተሰበሰቡበት አንዱ ምክንያት ይህ ሁለተኛው ልግስና ነው። ኋላ የምናየው ጉድለትም የሚበቅለው ከዚሁ ልግስና ነው።

የሚመሰገንበት ነገር

ትችት ነቀፌታ ብቻ እንዳይሆን ሥራው ያስገኘውን ጥቅም አስቀድመን እንናገር። በአፕሪል 2013 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ናሳ ፎንሳት የተባሉ ሦስት ትናንሽ ሳተላይቶችን ወደ ሰማይ ልኮ ነበር። የእነዚህ ሳተላይቶች ዋና ኮምፒዩተር ተራ የአንድሮይድ ስልክ ነበር። ሳተላይቶቹ የመሬትን ፎቶግራፍ እያነሡ በራዲዮ ላኩ፤ በልዩ ልዩ አገር ያሉ አማተር የራዲዮ ባለሙያዎችም ቁርጥራጩን ተቀብለው ሥዕሉን በመገጣጠም ረዱ። ካሜራ፥ የእንቅስቃሴ መለኪያ፥ ማስታወሻና ፈጣን ፕሮሰሰር በአንድ ርካሽ ዕቃ ውስጥ ተሰብስበው ሲገኙ፥ የሚያዝዛቸውም ፕሮግራም ሊጠና የሚችል ሲሆን፥ ምን ያህል ሥራ ሊሠራበት እንደሚቻል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ሌሎችም ምሳሌዎች አሉ። አማዞን በ2011 ኪንድል ፋየር የተባለውን ታብሌት ያወጣው ክፍቱን አንድሮይድ ወስዶ፥ የጉግልን አገልግሎት ትቶ፥ የራሱን መደብር በመትከል ነው። በ2019 የወጣው ኦኩለስ ኩዌስት የተባለው በዐይን ላይ የሚጠለቅ መሣሪያም በአንድሮይድ ላይ የተሠራ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው የካርድ መክፈያ መሣሪያና በመኪና ውስጥ የሚተከለው ስክሪን ከዚሁ ቤተ ሰብ የሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለእኛ ቋንቋም ያለው ጥቅም ሊዘነጋ አይገባም። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ ቅጂ ውስጥ ቦታውን ካገኘ ወዲህ ለየፕሮግራሙ የተለየ ፊደል መሥራት ቀርቷል። በክፍቱ አንድሮይድ ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የፊደል ቅርጽ አብሮ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ተማሪ በራሱ ቦርድ ላይ ኮዱን ሲያስነሣ አማርኛ በስክሪኑ ላይ ያለ ተጨማሪ ድካም ሊነበብ ይችላል። ይህን የመሰለ መሠረት በነጻ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ መሣሪያ እስኪቆም ድረስ ያለው ጉዞ

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንከተለው። ለአንድ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍቱን ማውጫ የሚያሳይ፥ በጣት የሚታዘዝ ባለ ስክሪን መሣሪያ ልንሠራ አሰብን እንበል። የጉግል ካርታም ሆነ መደብር አያስፈልገንም። ከክፍቱ አንድሮይድ ጋር የሚስማማ፥ መካከለኛ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል የሚያጋጥመን ገና ቦርዱን ሳንነካ ነው። የፕሮጀክቱ መመሪያ ኮዱን ለማውረድና ለመገንባት 400 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታና 64 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒዩተር ያስፈልጋል ይላል። መደበኛ ተማሪ የሚይዘው ላፕቶፕ 8 ወይም 16 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። እንግዲህ ለማንበብ ክፍት የሆነው ኮድ ለመገንባት ሲሆን የገንዘብ በር እንዳለው ከወዲሁ እናያለን። ይህን መሰናክል ግን ጥቂት ሰዎች ተባብረው፥ ወይም ትምህርት ክፍሉ አንድ ጠንካራ ኮምፒዩተር ገዝቶ ሊያልፉት ይችላሉ።

ኮዱ ከተገኘ በኋላ ቦርዱ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ቡትሎደር ነው፤ እርሱ ከርነሉን ይጠራል። ከርነሉ በበኩሉ በቦርዱ ላይ ምን ምን እንዳለ አያውቅም፤ ስክሪኑ በየትኛው መስመር እንደ ተያያዘ፥ የጣት ንክኪውን የሚያነበው ቺፕ በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ፥ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ «ዲቫይስ ትሪ» በሚባል ፋይል ተጽፎ ይሰጠዋል። ይህን ፋይል የሚጽፈው ቦርዱን የሠራው ሰው ነው። ለእያንዳንዱም ክፍል ድራይቨር ያስፈልገዋል።

ከከርነሉ በላይ ያለው አንድሮይድ ከድራይቨሮቹ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። በመካከላቸው አስተርጓሚ የሆነ ክፍል አለ፤ በእንግሊዝኛ ፊደላቱ አጠራር ኤች ኤ ኤል ይባላል። የካሜራ፥ የድምፅ፥ የስክሪን፥ የሴንሰር አስተርጓሚ እየተባለ ለየብቻ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይልና የትኛውን ክፍል መንካት እንደሚፈቀድለት በኤስኢሊኑክስ ሕግ መወሰን አለበት። ሥራው ሲያልቅም ሠሪው የራሱን የምስጢር ቁልፍ ሠርቶ ፕሮግራሙን ይፈርምበታል። ለሙከራ ተብሎ ከኮዱ ጋር የሚመጣው ቁልፍ በሁሉም እጅ ያለ ነው፤ በእርሱ የተፈረመ መሣሪያ ማንኛውም ሰው ያሰናዳውን ፕሮግራም እንደ ባለቤቱ ትእዛዝ ሊቀበል ይችላል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን የመጨረሻ እርምጃ እንደ ትንሽ ነገር ሲያዩት፥ በእኛ አስተያየት ግን የመሣሪያው ባለቤትነት የሚወሰነው በዚሁ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ከባድ ነው፤ ግን ድካምና ትምህርት የሚያሸንፉት ነው። ቀጥሎ የምናያቸው ሦስት ነገሮች ግን በድካም ብቻ የማይሸነፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ጉድለት፤ በቺፑ ውስጥ ያለው ዝግ ክፍል

የቺፕ ፋብሪካ ለከርነሉ የጻፈውን ኮድ በጂፒኤል ፈቃድ ምክንያት ሊያቀርብ ይገደዳል። ነገር ግን የሥራውን ፍሬ ነገር ከከርነሉ አውጥቶ ወደ አስተርጓሚው ክፍል ቢያዛውረው ግዴታው ይቀርለታል። ብዙ ፋብሪካዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የግራፊክሱ፥ የካሜራው፥ የስልክ ራዲዮው ዋና ጥበብ የሚገኘው ምንጩ በማይታይ ባይነሪ ፋይል ውስጥ ነው። ባይነሪው ደግሞ የተሠራው ለአንድ የከርነል ቅጂና ለአንድ የአንድሮይድ ቅጂ ነው። ፋብሪካው ለሚቀጥለው ቅጂ አዲስ ባይነሪ አላወጣም ማለት መሣሪያው ባለበት ቆመ ማለት ነው። የላይኛው ኮድ ምንም ያህል ክፍት ቢሆን ለዚያ ሠሪ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የሆላንዱ ፌርፎን ኩባንያ ታሪክ ነው። ይህ ኩባንያ በዲሴምበር 2015 ፌርፎን 2 የተባለውን፥ ባለቤቱ ራሱ ፈታትቶ ሊጠግነው የሚችለውን ስልክ አወጣ። ስልኩ የሚሠራው በኳልኮም ስናፕድራገን 801 ቺፕ ነበር። የቺፑ ሠሪ ለአንድሮይድ 7 ድጋፍ አልሰጠም። ኩባንያው ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ በራሱ ድካም በ2018 አንድሮይድ 7ን፥ በ2021 ደግሞ ሊኔጅኦኤስ ከተባለው የፈቃደኞች ማኅበር ሥራ እየተጠቀመ አንድሮይድ 9ን በዚያው ስልክ ላይ አቆመ። ድጋፉ ያበቃው በማርች 2023 ነው፤ ሰባት ዓመት አልፎ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ሁለት ወገኖች ለየራሳቸው ይጠቅሱታል። አንዱ ወገን «ክፍትነቱ ባይኖር ሰባት ዓመት ባልቈየ ነበር» ይላል፤ እውነት ነው። ሌላው «አንድ ሙሉ ኩባንያ ዓመታት የደከመው ሌላ ፋብሪካ ሊሰጠው የሚገባውን ፋይል ባለመስጠቱ ነው» ይላል፤ ይህም እውነት ነው። ነገሩን ስንመዝነው፥ ፌርፎን መሐንዲሶችና ደንበኞች ያሉት ኩባንያ ነበር። በሁለት ተማሪዎች የሚሠራ የቤተ መጻሕፍት መሣሪያ ግን ይህን ድካም ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ መሣሪያው ስንት ዓመት እንደሚኖር የሚወሰነው ኮድ በሚጻፍበት ጊዜ ሳይሆን ቺፑ በሚመረጥበት ቀን ነው። አስቀድሞ ሳይመጥኑ ደቁሶ፥ ኋላ ድስት ጥዶ ማልቀስ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው ጉድለት፤ ከኮዱ ውጭ ያለው ውል

ኮዱ ነጻ ነው፤ ነገር ግን የጉግልን መደብርና አገልግሎት በመሣሪያው ላይ ለመትከል ውል መፈረም ያስፈልጋል። መሣሪያውም ሲ ዲ ዲ የተባለውን የተስማሚነት ደንብ ማሟላትና ሲ ቲ ኤስ የተባለውን የፈተና ጥቅል ማለፍ አለበት። ፈተናው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ አንድ ፕሮግራም በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲሠራ መለኪያ ማስፈለጉ ግልጽ ነው። የሚነቀፈው በውሉ ውስጥ የነበረው ሌላ ቃል ነው።

የአውሮፓ ኮሚሽን በጁላይ 2018 በጉግል ላይ የ4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት ሲወስን ከዘረዘራቸው ሦስት ጥፋቶች አንዱ ይህ ነበር፤ የጉግልን ፕሮግራሞች በአንዱ መሣሪያው ላይ የሚጭን ፋብሪካ፥ ጉግል ባላጸደቀው የአንድሮይድ ዓይነት የሚሠራ ሌላ መሣሪያ አንድም እንኳ እንዳይሸጥ ይከለከል ነበር። በሴፕቴምበር 2022 የአውሮፓ ጠቅላላ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ዩሮ ዝቅ ቢያደርገውም ውሳኔውን በአብዛኛው አጽንቶታል። የደቡብ ኮሪያ የንግድ ውድድር ኮሚሽንም በሴፕቴምበር 2021 ከ207 ቢሊዮን ዎን በላይ ቀጥቶ፥ ሳምሰንግ በ2013 ያወጣውን የእጅ ሰዓት ለምሳሌ ጠቅሷል። ኮሚሽኑ እንዳለው ሳምሰንግ ሰዓቱን አሻሽሎ በለወጠው አንድሮይድ ላይ ሠርቶት ሳለ፥ በውሉ ምክንያት ወደ ታይዘን ለመዛወር ተገደደ።

የዚህ የሰዓት ነገር ለእኛ ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ሰዓት ስልክ አይደለም፤ በትክክል ክፍት ኮድ ሊያገለግለው የሚገባ አዲስ ዓይነት መሣሪያ ነው። ኮዱን መለወጥ በፈቃዱ ተፈቅዶ ሳለ በሌላ ወረቀት ተከለከለ። እንግዲህ ለመለወጥ ክፍት መሆኑ እውነት የሚሆነው ጉግልን ለማያስፈልገው ሠሪ ብቻ ነው። ጉግል ከኦክቶበር 2018 ወዲህ በአውሮፓ ገበያ ላይ ይህን ክልከላ አንሥቶ ፕሮግራሞቹን በክፍያ መስጠት መጀመሩን እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው።

ከውሉም ሌላ ቀስ በቀስ የመጣ ለውጥ አለ። ከ2012 ጀምሮ «ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ» በተባለው ዝግ ፕሮግራም አማካይነት ብዙ ተግባር ከክፍቱ ክፍል ውጭ ተሠርቷል። አንድ የባንክ ወይም የመጓጓዣ ፕሮግራም ይህን አገልግሎት ካላገኘ በክፍቱ አንድሮይድ ላይ ላይሠራ ይችላል። የቤተ መጻሕፍታችን መሣሪያ የራሱን ፕሮግራም ብቻ ስለሚያስኬድ ከዚህ ችግር ያመልጣል፤ ለሕዝብ የሚሸጥ ታብሌት ግን አያመልጥም።

ሦስተኛው ጉድለት፤ ጊዜው በሌላ እጅ ነው

ኮዱ መቼ እንደሚታተም የሚወስነው አንድ ኩባንያ ነው። በ2011 ለታብሌት የተዘጋጀው አንድሮይድ 3 በገበያ ላይ በዋሉ መሣሪያዎች ውስጥ እያለ፥ የምንጭ ኮዱ ለወራት ሳይታተም ቈየ፤ ለሕዝብ የተገለጠው በዓመቱ መጨረሻ ከአንድሮይድ 4 ጋር ነው። በማርች 2025 ደግሞ ጉግል የአንድሮይድን ሥራ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ እንደሚያዛውር፥ ኮዱ ግን ሥራው ሲያልቅ እንደሚታተም አስታወቀ። በጁን 2025 አንድሮይድ 16 ሲወጣ፥ ቀድሞ አብረው ይወጡ የነበሩት የፒክስል ስልኮች የመሣሪያ ፋይሎች ቀሩ። እንደ ማጣቀሻ እንዲያገለግል የተሰጠው ከትልፊሽ የተባለው በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ የሚኖር መሣሪያ ነው። ከ2026 ጀምሮም ኮዱ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚታተም ተነግሯል።

ከዚህ ሁሉ አንዱም ፈቃዱን አይጥስም። አፓቺ የታተመውን ኮድ ለዘለዓለም ይሰጣል እንጂ የሚቀጥለውን ለማተም ማንንም አያስገድድም። ነገር ግን የፒክስል ፋይሎች መቅረት ለመሣሪያ ሠሪ ታላቅ ጉዳት ነው። በእውነተኛ ቺፕ፥ በእውነተኛ ካሜራና ባትሪ ላይ ሙሉ ሥራ እንዴት እንደሚቆም የሚያሳይ፥ በየዓመቱ የሚታደስ አርአያ ነበርና። ከትልፊሽ ፕሮግራሙን ለመፈተን ይረዳል፤ ባትሪ እንዴት እንደሚቈጠብ ግን ሊያስተምር አይችልም፤ ባትሪ የለውምና። ለማንበብ ክፍት መሆን እንኳ በአሳታሚው ፈቃድ ሊሰፋም ሊጠብም እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ለተቃራኒው ወገን የሚገባው መልስ

«ጉግል ይህን ሁሉ ሥራ በራሱ ወጪ ሠርቶ በነጻ ሰጠ፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ሰው ውለታ ቢስ ነው» የሚሉ አሉ። ስለ ወጪው እንስማማለን። ነገር ግን ስጦታን መመርመር ውለታን መካድ አይደለም፤ በተለይም ስጦታው ሌሎች ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያፈስሱበት መሠረት በሚሆንበት ጊዜ።

ይልቁንም ክብደት ያለው ክርክር ይህ ነው፤ ጉድለቱን ለማረም ብዙ ተሠርቷል ይባላል። እውነት ነው። በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር የመጣው «ፕሮጀክት ትሬብል» የቺፕ ፋብሪካውን ክፍል ከላይኛው ክፍል ለይቶ በመካከላቸው የጸና ስምምነት አቆመ፤ ስለዚህ የታችኛውን ሳይነኩ የላይኛውን ማደስ ቀለለ። ከአንድሮይድ 12 ጋር ደግሞ አዳዲስ ስልኮች አንድ የጋራ ከርነል ይዘው እንዲወጡ፥ የፋብሪካው ድራይቨሮችም በሞጁል መልክ ተለይተው እንዲቀመጡ ተደረገ። እነዚህ የምሕንድስና ሥራዎች የሚደነቁ ናቸው። ሆኖም መለየት መክፈት አይደለም። ትሬብል የዝጉን ክፍል ድንበር በግልጽ አሰመረ እንጂ ዝጉን ክፍል አልከፈተም። ጥቅሙም ብዙውን የሚደርሰው ከቺፕ ፋብሪካ ጋር ውል ላለው ድርጅት ነው።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «እንዲህ ከሆነ አንድሮይድ ክፍት አይደለም፤ መተው ነው» ይላሉ። በዚህም አንስማማም። ለክፍቱ ከርነል በወጉ የተመዘገበ ድራይቨር ያላቸው ቦርዶች አሉ፤ ለምሳሌ ድራጎንቦርድ 845ሲ በክፍቱ አንድሮይድ ውስጥ የቆየ ድጋፍ አለው። በእንዲህ ያለው ቦርድ ላይ የሚሠራ ሰው ዕጣው በፋብሪካው ዝምታ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም። ስለዚህ ልዩነቱ በአንድሮይድና በሌላው መካከል ብቻ ሳይሆን በቦርድና በቦርድ መካከልም መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ከአገራችን አንድ ምሳሌ

በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፥ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ከነፀሐይ ኀይል መሙያቸው ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በአንድ ጉባኤ ላይ ሲናገር፥ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ አንድሮይድን ሰብረው እንደ ገቡበት ገለጸ። በዝርዝሩ እንደ ተነገረው፥ ድርጅቱ የስክሪኑ ገጽታ እንዳይለወጥ ዘግቶት ሳለ ልጆቹ እያንዳንዳቸው እንደ ወደዱ አስተካከሉት፤ ተዘግቶ የነበረውንም ካሜራ አሠሩት።

ንግግሩ የጉባኤ ንግግር ስለ ሆነ ከሚገባው በላይ ልናከብደው አይገባም። ቢሆንም ከእኛ ጥያቄ ጋር የሚገናኝ ነገር አለበት። ልጆቹ የከፈቱት በር በእርግጥ ተከፍቷል፤ ግን የላይኛው በር ነበር። ከርነሉ፥ ባይነሪው፥ የፊርማው ቁልፍ በአሜሪካ እንዳለ ቀረ። ያም ታብሌት የተወሰኑ ዓመታት አገልግሎ የሠሪው ማሻሻያ ሲቋረጥበት፥ በመንደሩም ሆነ በከተማው ያለ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ሊያስቀጥለው የሚችልበት ሙሉ መንገድ አልነበረም። ልጆች በአምስት ወር ያሳዩት ብልሃት የሚደነቅ ሲሆን፥ ብልሃቱ ሊደርስበት የሚችለው ጥልቀት ግን አስቀድሞ በሌሎች ተወስኖ ነበር። የተማሪ ምርምር ሊያተኩርበት የሚገባው በዚህ ጥልቀት ላይ ነው ብለን እናምናለን።

መደምደሚያ

ከላይ የተባለውን ስንሰበስበው ፍርዳችን ይህ ነው። አንድሮይድ ለማንበብ በእጅጉ ክፍት ነው፤ ምንም እንኳ የሚነበበው ነገር በአሳታሚው ጊዜና ምርጫ የሚመጣ ቢሆን። ለመለወጥ ከጉግል አገልግሎት ርቆ ለሚሠራ ሰው ክፍት ነው፤ አገልግሎቱን ለሚፈልግ ግን በውል የታጠረ ነው። ለመዝለቅ ግን ክፍት የሚሆነው ወይም ዝግ የሆነበት የሚወሰነው በቺፑ ነው፤ ያም ከአንድሮይድ እጅ ውጭ ነው። መሣሪያ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልገው ይህ ሦስተኛው ነው። ባልታደሰ ፕሮግራም የሚሠራ፥ ከመረብም ጋር የተያያዘ መሣሪያ በየዓመቱ አደጋው እየከበደ የሚሄድ ንብረት ነው።

ስለዚህ በዚህ መስክ የመመረቂያ ሥራ ለመሥራት የሚያስቡ ጓደኞቻችን ቦርድ ከመግዛታቸው በፊት አራት ጥያቄዎችን እንዲመልሱ እንመክራለን። የቺፑ ድራይቨሮች በዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ አሉ ወይስ በፋብሪካው ቅጂ ውስጥ ብቻ? ምንጫቸው የማይታይ ፋይሎች የትኞቹ ናቸው፥ መሣሪያውስ ያለ እነርሱ ምን ያህል ሊሠራ ይችላል? የቡትሎደሩና የፊርማው ቁልፍ በማን እጅ ነው? ሥራው በእርግጥ አንድሮይድን ይፈልጋል? ሙቀት ለክቶ ቁጥር ለሚልክ መሣሪያ ይህን ሁሉ ኮድ መሸከም ከንቱ ድካም ነው፤ ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ይበቃዋል። የቤተ መጻሕፍቱም መሣሪያ ምናልባት በተራ ሊኑክስ ላይ በቀለለ ዋጋ ሊቆም ይችላል። የጣት ንክኪ፥ ካሜራ፥ ድምፅና ዝግጁ የአማርኛ ጽሕፈት በአንድነት ሲያስፈልጉ ግን ክፍቱ አንድሮይድ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው።

ለመምህራኖቻችንም አንድ አሳብ እናቀርባለን። የተማሪ መሣሪያ በምረቃ ቀን መብራቱ ብቻ እንደ ውጤት ባይቈጠር መልካም ነው። ከመሣሪያው ጋር ዲቫይስ ትሪው፥ የዝግ ፋይሎቹ ዝርዝር፥ የአገነባቡ ቅደም ተከተልና የከርነሉ ቅጂ ተጽፎ በትምህርት ክፍሉ ቢቀመጥ፥ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ከባዶ አይጀምርም። ቁልፉም ለብቻው በጥንቃቄ ቢጠበቅ ትምህርት ክፍሉ የመሣሪያው እውነተኛ ባለቤት ይሆናል። ይህን ለማድረግ የማንም ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ኮምፒዩተርና ሥርዓት ያለው ማኅደር ብቻ ነው።